ዋናው ዕቃ ሲጠፋ፦ በቤት ለሚሠራ የጊታር ኦቨርድራይቭ ፔዳል ምን በምን ይተካል?

ጥያቄ፦ «ቲዩብ ስክሪመር የሚባለውን የአይባኔዝ ኦቨርድራይቭ (የጊታርን ድምፅ የሚያሻክር) ፔዳል ንድፍ ተከትዬ በራሴ ቦርድ ላይ እየሠራሁ ነው። ንድፉ ጄአርሲ4558ዲ አይሲ (ድምፅ የሚያጎላ ቺፕ)፣ 2ኤስሲ1815 ትራንዚስተሮች፣ 1ኤን914 ዳዮዶች፣ 51 ፒኮፋራድ ካፓሲተር፣ 0.22 ማይክሮፋራድ ታንታለም ካፓሲተሮችና 20 ኪሎ ኦም የቶን ፖታንሺዮሜትር (የድምፁን ቅጥነት የሚያስተካክል ተዟዟሪ ሬዚስተር) ይጠይቃል። አብዛኛዎቹን አላገኘሁም። በእጄ ያሉት ቲኤል072፣ 2ኤን3904፣ 1ኤን4148 እና ከአሮጌ ሬዲዮ የነቀልኳቸው ሬዚስተሮችና ካፓሲተሮች ናቸው። በእነዚህ ተክቼ ስሞክረው በጣም ደካማና የተቆራረጠ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ትክክለኛው 4558 ስላልሆነ ነው? እስኪገኝ ልጠብቅ ወይስ ንድፉን ልተወው?»

ምላሽ፦ የድምፁ መድከም ከአይሲው የመጣ አይደለም። ከገለጹት ምልክት ስነሣ ጥፋቱ ያለው ትራንዚስተሮቹ ላይ ነው፤ እነሱም ቢሆኑ ዓይነታቸው ለቦታው የማይስማማ ሆኖ ሳይሆን እግሮቻቸው በተሳሳተ ቀዳዳ ስለገቡ ነው። 2ኤስሲ1815ን ጠፍጣፋ ፊቱን ወደ እርስዎ፣ እግሮቹን ወደ ታች አድርገው ሲይዙት የሦስቱ እግሮቹ ስም ከግራ ወደ ቀኝ ኤሚተር፣ ኮሌክተር፣ ቤዝ ነው። 2ኤን3904 በዚያው አያያዝ ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር ነው። ሁለቱ በመልክ አንድ ስለሆኑና የቦርድ ሥዕል ብዙውን ጊዜ የትራንዚስተሩን ቅርፅ ብቻ እንጂ የእግሮቹን ስም ስለማያሳይ፣ አንዱን ነቅሎ ሌላውን በዚያው አቅጣጫ የበየደ ሰው ቤዙን በኮሌክተሩ ቦታ፣ ኮሌክተሩን በቤዙ ቦታ አስቀምጧል ማለት ነው።

በዚህ ሰርኪዩት ውስጥ ኮሌክተሩ በቀጥታ ከ9 ቮልቱ ጋር ይገናኛል። እግሮቹ ሲምታቱ ግን 9 ቮልቱን የሚቀበለው ቤዙ ይሆንና ከጊታሩ የሚመጣው ሲግናል ኮሌክተሩ ላይ ያርፋል። ትራንዚስተሩ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ይቀራል፤ ሲግናሉ በአብዛኛው ወደ ኃይል መስመሩ ስለሚሰወር ወደ ማጉያው የሚደርሰው ፍንጣቂው ብቻ ነው። ይህን በግምት መተው አያስፈልግም። ፔዳሉን አብርተው፣ መልቲሜትርዎን በዲሲ ቮልት ላይ አድርገው፣ ጥቁሩን ገመድ ግራውንድ (የባትሪው ማይነስ መስመር) ላይ፣ ቀዩን የትራንዚስተሩ ኤሚተር ላይ ያሳርፉ። መለኪያው 8.3 ቮልት አካባቢ ካሳየ እግሮቹ ተምታተዋል። በትክክል የገባ ትራንዚስተር እንደ ማጉላት አቅሙ ከ2.5 እስከ 3.5 ቮልት ባለው መካከል ያሳያል። ንድፉ ላይ 4.5 ቮልት የሚል ስላዩ ከዚያ ላይ 0.6 ተቀንሶ 3.9 መጠበቅ የለብዎትም፤ ቤዙ ቮልቱን የሚያገኘው በ510 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል በመሆኑ ጥቂት ቮልት እዚያው ይቀራል። በዚሁ ምክንያት ቤዙን በቀጥታ ከመለካት ኤሚተሩን መለካት ይሻላል፤ ርካሽ መልቲሜትር ቤዙ ላይ ሲያርፍ ራሱ ቮልቱን ስለሚጎትተው ንባቡ ያሳስታል።

መፍትሔው ትራንዚስተሮቹን ነቅሎ ኤሚተሩን በነበረበት ቀዳዳ መልሶ፣ የመካከሉንና የቀኙን እግር አቆላልፎ ማስገባት ነው። የተቆላለፉት እግሮች እንዳይነካኩ አንዱን ከቀጭን ሽቦ በተገፈፈ ፕላስቲክ ይሸፍኑት። በስሕተቱ ትራንዚስተሮቹ አልተቃጠሉም፤ ከኤሚተሩ ሥር ያለው 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ኤሌክትሪኩን ከ1 ሚሊአምፒር በታች ስለገደበው አዲስ መግዛት አያስፈልግዎትም። ለወደፊቱም ይጠቅምዎታልና፣ ቢሲ547 እና ቢሲ549 ደግሞ በዚያው አያያዝ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር ናቸው፤ 2ኤን5088 እንደ 2ኤን3904 ነው። እነዚህ ሁሉ በዚህ ፔዳል ውስጥ 2ኤስሲ1815ን ያለ አንዳች እንከን ይተካሉ፤ ምክንያቱም ሁለቱ ትራንዚስተሮች እዚህ የሚሠሩት ድምፅ መቅረፅ ሳይሆን ጊታሩንና ቀጣዩን ዕቃ ከሰርኪዩቱ ጭነት መጠበቅ ብቻ ነው። የተለያዩ አምራቾች አንድን ቁጥር በተለያየ የእግር ቅደም ተከተል የሚያወጡበት ጊዜም ስላለ፣ ከመበየድዎ በፊት የያዙትን ትራንዚስተር በመልቲሜትሩ የዳዮድ መፈተሻ ይለኩት። እዚህ የተጠቀሱት ሁሉ ኤንፒኤን የሚባለው ዓይነት ናቸው፤ በዚህ ዓይነት ትራንዚስተር ቀዩን ገመድ ቤዙ ላይ አድርገው ከሁለቱም እግሮች ጋር 0.6 ወይም 0.7 ያነባሉ፤ ከሁለቱ ትንሽ ከፍ ያለውን የሚሰጠው ኤሚተሩ ነው።

ወደ 4558 ልመለስ፤ ብዙ ሰው ሥራውን ጀምሮ የሚያቆመው በዚህ አይሲ ምክንያት ነውና። የፔዳሉ ድምፅ በአይሲው ውስጥ የተቀመጠ አድርጎ ማሰብ የተለመደ ነው፤ ሰርኪዩቱ ሲመረመር ግን ይህ አይጸናም። የድራይቩ (የመሻከሩን መጠን የሚወስነው) ፖታንሺዮሜትር እስከ መጨረሻው ሲከፈት የማጉላቱ ደረጃ 500 ኪሎ ኦሙና 51 ኪሎ ኦሙ ተደምረው ለ4.7 ኪሎ ኦም ተካፍለው፣ 1 ሲጨመርበት፣ 118 እጥፍ ገደማ ነው። የ4558 የማጉላትና የድግግሞሽ ብዜት 3 ሜጋኸርዝ ያህል ስለሆነ በ118 እጥፍ እንኳ እስከ 25 ኪሎኸርዝ ይሠራል፤ ይህም የሰው ጆሮ ከሚሰማው በላይ ነው። በሌላ በኩል ከዳዮዶቹ ጎን የተቀመጠው 51 ፒኮፋራድ ካፓሲተር በዚያው የድራይቭ ደረጃ ከ5.7 ኪሎኸርዝ ጀምሮ ቀጭኑን ድምፅ መቁረጥ ይጀምራል። እንግዲህ አይሲው ገደቡ ላይ ከመድረሱ ብዙ ቀደም ብሎ ካፓሲተሩ ሥራውን ጨርሷል፤ ከ4558 የፈጠነ አይሲ ቢገባም ፍጥነቱን የሚያሳይበት ቦታ የለውም። አምራቹም ቢሆን የዚሁ ፔዳል ሥሪት በሆነውና በ1982 በወጣው ቲኤስ9 ውስጥ ከ4558 ሌላ የቶሺባን ቲኤ75558 ገጥሟል።

በእጅዎ ያለው ቲኤል072 ስለዚህ በቂ ነው፤ የእግሮቹም ቅደም ተከተል ከ4558 ጋር አንድ ስለሆነ በቀጥታ ይገባል። አንድ ገደቡን ግን ይወቁት። የዚህ አይሲ መግቢያ ወደ ግራውንድ በጣም ሲቀርብ መውጫው በድንገት ወደ ተቃራኒው የሚዘልበት ባሕርይ ስላለው፣ ከፔዳሉ በፊት ኃይለኛ ቡስተር (ሲግናል የሚያጠነክር ፔዳል) ካስቀመጡ ደስ የማይል፣ እንደ መሰንጠቅ ያለ ድምፅ ሊሰሙ ይችላሉ። ጊታሩ በቀጥታ ሲሰካ ይህ አያጋጥምም። ኤንኢ5532ም ይገባል፤ ነገር ግን 8 ሚሊአምፒር ያህል ስለሚወስድ ባትሪ ቶሎ ይጨርሳል። ኤልኤም358ን አልመክርም፤ መውጫው ከአንዱ አቅጣጫ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚፈጥረው መዛባት ማስታወሻው እየከሰመ ሲሄድ ይሰማል። በፍጹም ሊደረግ የማይገባው ደግሞ እንደ ቲኤል071 ወይም 741 ያለ ነጠላ ኦፕ አምፕ (አንድ ማጉያ ብቻ የያዘ አይሲ)፣ እንደ 4558 ሁለት ማጉያ በያዘው ጥንድ ቦታ መሰካት ነው። ስምንት እግር ስላለው ሶኬቱ ይቀበለዋል፤ የውስጥ ግንኙነቱ ግን ሌላ ነው፤ በእሱ የኃይል መግቢያው 7ኛው እግር ሲሆን በጥንዱ 8ኛው ነው።

አይሲው ድምፁን በእርግጥ የሚወስንባቸው ፔዳሎች አሉ፤ ራት የሚባለው ዲስቶርሽን አንዱ ነው። እዚያ ያለው ኤልኤም308 በ30 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ሆን ተብሎ ስለተጎተተ በማይክሮሰከንድ ከ0.3 ቮልት በላይ መጓዝ አይችልም፤ የማጉላቱም ደረጃ እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ ይህ ዝግታ የድምፁ አካል ይሆናል። እሱን በፈጣን አይሲ የተካ ሰው ሻካራ ድምፅ ያገኛል። ተመጣጣኝ ዝግታ ያለው ኦፒ07 ነው፤ 30 ፒኮፋራዱን ካፓሲተር አውጥቶ እሱን መግጠም ይቻላል። ከአንድ ፔዳል የተማሩትን ወደ ሌላው በጅምላ መውሰድ የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዕቃውን ከመተካት በፊት በዚያ ቦታ ምን እየሠራ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በእርስዎ ሰርኪዩት ይህ ጥያቄ ዳዮዶቹ ላይ ሲደርስ መልሱ ይለወጣል። 1ኤን914 እና 1ኤን4148 ለዚህ ሥራ አንድ ስለሆኑ ያለ ሥጋት ይግጠሟቸው። ሌላ ዓይነት ዳዮድ ካስገቡ ግን ድምፁ ይቀየራል፤ ኦቨርድራይቩን የሚፈጥሩት እነሱ ናቸውና። ፊትና ኋላ ተገጣጥመው የተቀመጡት ሁለቱ ሲሊከን ዳዮዶች የሞገዱን ጫፍ በየአቅጣጫው በ0.6 ቮልት አካባቢ ያለዝቡታል። ጀርማኒየም ዳዮድ ይህን ወደ 0.3 ዝቅ ስለሚያደርገው ፔዳሉ ጸጥ ይላል፤ ድምፁም የታመቀ ይሆናል። ቀይ ኤልኢዲ ወደ 1.7 ስለሚያደርሰው ድምፁ ይጎላል፣ ለእጅ ክብደትም የበለጠ ይታዘዛል፤ በለስላሳ ሲመቱት ንጹሕ፣ ጠንከር ሲያደርጉት የሚነሣ ይሆናል። ሰማያዊ ወይም ነጭ ኤልኢዲ 3 ቮልት ገደማ ስለሚፈልግ ዳዮዱ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት በ9 ቮልት የሚሠራው አይሲ ራሱ ስለሚቆርጠው አይመከርም።

ይህን በጆሮ መለየት ከፈለጉ ዳዮዶቹን አይበይዱ። ከረጅም የሴት ፒን (የዕቃ እግር የሚሰካበት ቀዳዳ ያለው ሶኬት) መደዳ ላይ ሁለት ሁለት ቀዳዳ ቆርጠው ቦርዱ ላይ ቢበይዷቸው ዳዮዶቹን እንደ መርፌ እየሰኩና እየነቀሉ መሞከር ይችላሉ። አንድ ኮርድ መትተው ሲከስም ያዳምጡት። በሲሊከኑ ጥንድ መሐሉ ወፈር ብሎ ይቆይና ጭራው ላይ ቀስ ብሎ ይጠራል፤ በአንደኛው ወገን ሁለት ዳዮድ በተከታታይ፣ በሌላው አንድ ሲያደርጉ ደግሞ የሞገዱ ሁለት ወገን እኩል ስለማይቆረጥ ድምፁ ይበልጥ ይከፈታል። የቦስ ኤስዲ-1 የሚለየውም በዚህ እኩል ባልሆነ አቆራረጥ ነው። በግሌ ለዚህ ፔዳል የምመርጠው ይህንን ሦስት ዳዮድ ያለበትን አቀማመጥ ሲሆን፣ የሚያስፈልገው በእጅዎ ያለው 1ኤን4148 ብቻ ነው።

ከዳዮዶቹ ቀጥሎ በጥንቃቄ ሊጠበቅ የሚገባው የ4.7 ኪሎ ኦሙ ሬዚስተርና የ0.047 ማይክሮፋራዱ ካፓሲተር ጥምረት ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ከ720 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ ያነሰ እንዲጎላ ያደርጋሉ፤ የዚህ ፔዳል መሐለኛ ጉልበትና የወፍራም ክሮቹ አለመጨማለቅ የሚመጣው ከዚህ ነው። 47 ናኖፋራድ ጠፍቶ 100 ቢገባ ድንበሩ ወደ 340 ኸርዝ ገደማ ወርዶ ወፍራሙ ድምፅ ይደበላለቃል፤ 22 ቢገባ ወደ 1.5 ኪሎኸርዝ ወጥቶ ይቀጥናል። ሁለት ባለ 22 ናኖፋራድ ካፓሲተሮችን ጎን ለጎን ማያያዝ 44 ይሰጣል፤ ይህ ከዋናው የማይለይ ነው። ካፓሲተር ጎን ለጎን ሲያያዝ ይደመራል፤ ሬዚስተር የሚደመረው ግን በተከታታይ ሲያያዝ ነው፤ ይህን ማምታታት በየጊዜው የማየው ስሕተት ነው።

የ51 ፒኮፋራዱን በ47 ይተኩት። ከአሮጌ ሬዲዮ ሲነቅሉ ግን ቁጥሩን በጥንቃቄ ያንብቡ። ክብ ሴራሚክ ላይ 510 ተብሎ የተጻፈው 51 ፒኮፋራድ ነው፤ የመጨረሻው አኃዝ የዜሮዎቹን ብዛት የሚናገር በመሆኑ 510 ፒኮፋራድ የሚጻፈው 511 ተብሎ ነው። 470 እና 471ም እንዲሁ ናቸው። እዚህ ቦታ ላይ አሥር እጥፍ ቢሳሳቱ መቁረጫው ከ5.7 ኪሎኸርዝ ወደ 570 ኸርዝ ገደማ ስለሚወርድ ጊታሩ ብርድ ልብስ የተጣለበት ያህል ታፍኖ ይሰማል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ጥፋቱን አይሲው ላይ ያደርጋል።

የ0.22 ማይክሮፋራድ ታንታለሞቹን በፊልም ካፓሲተር ይተኩ፤ 224 የሚል ጽሑፍ ያለበት ነው። ታንታለም የተመረጠው መጠኑ ትንሽ ስለሆነ እንጂ ለድምፁ ሲባል አይደለም፤ ፊልሙ ፖላሪቲ (የፕላስና የማይነስ ጎን) ስለሌለውም በየትኛውም አቅጣጫ ይገባል። ቢጫና ቡናማ ሴራሚኮችን በድምፁ መንገድ ላይ፣ ከፒኮፋራዶቹ በስተቀር፣ አያስገቡ፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ፔዳሉ በርቶ ሳለ በእርሳስ ጫፍ መታ ሲያደርጓቸው በማጉያው ውስጥ ጠቅ ሲሉ ይሰማሉ። ከአሮጌው ሬዲዮ የወጡት የፊልም ካፓሲተሮች ጥሩ ናቸው። ኤሌክትሮላይቲኮቹን ግን ይጣሏቸው፤ በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በዓመታት ብዛት ይደርቃል፣ እንዲህ ያለው ካፓሲተር ደግሞ የሚያስከትለው ኸምታ (የማያቋርጥ ወፍራም የጀርባ ድምፅ) ምንጩ በቀላሉ አይገኝም። አዲስ ሲገዙ ቮልቱ 16 ወይም 25 ይሁን፤ ከዚያ ከፍ ያለ ቢሆንም ጉዳት የለውም።

ሬዚስተሮች ብዙ ሐሳብ አይፈልጉም። 510 ኪሎ ኦም በ470፣ 51 ኪሎ ኦም በ47 ይተካል፤ የነቀሉትን ሁሉ በቀለሙ ሳይሆን በመለኪያ ያረጋግጡ፣ ያረጁ የካርቦን ሬዚስተሮች ከጻፉት በላይ ይወጣሉና።

ለ20 ኪሎ ኦሙ የቶን ፖታንሺዮሜትር 25 ኪሎ ኦም ሊኒየር ይግጠሙ፤ ቁልፉ ሲዞር የሚሰማው ስርጭት በጥቂቱ ይለያል እንጂ ሥራው አይጓደልም። የድራይቩ ፖታንሺዮሜትር ግን መዘዝ አለው። 500 ኪሎ ኦም ጠፍቶ 1 ሜጋ ኦም ቢገጥሙ የማጉላቱ ደረጃ ወደ 225 ያድጋል፤ ነገር ግን ከካፓሲተሩ ጋር ተደምሮ መቁረጫውን ወደ 3 ኪሎኸርዝ ስለሚያወርደው መጨረሻው ላይ ድምፁ ይጨልማል። ከዚያ ይልቅ 250 ኪሎ ኦም ይሻላል፤ 65 እጥፍ ለዚህ ዓይነት ፔዳል ብዙ ነው። ኤ እና ቢ የሚሉትን ፊደላት ደግሞ ሙሉ በሙሉ አይመኑ። በአሁኑ ጊዜ በብዛት ኤ ሎጋሪዝማዊውን፣ ቢ ሊኒየሩን ያመለክታል፤ በአንዳንድ አሮጌ የአውሮፓ ሥሪቶች ግን ተገላቢጦሽ ነው። ዘንጉን መካከል ላይ አድርገው ከመካከለኛው እግር ወደ አንዱ ዳር ይለኩ፤ ግማሹን ካሳየ ሊኒየር ነው፣ ከ10 እስከ 15 በመቶ አካባቢ ወይም የዚያን ቀሪ ካሳየ ሎጋሪዝማዊ ነው።

ዕቃ ከአሮጌ መሣሪያ መንቀልን እደግፋለሁ፤ ገደቡ ግን ግልጽ ይሁን። በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ለዚህ ተስማሚ ነው። በግድግዳ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ዕቃ፣ የካሜራ ፍላሽና ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ግን ከኤሌክትሪክ ከተነቀሉም በኋላ ሊገድል የሚችል ቮልት በካፓሲተራቸው ውስጥ ይዘው ይቆያሉ። ለጥቂት ሬዚስተር ብለው እነዚህን አይክፈቱ።

በተተኪ ዕቃ የማይፈቱ ሰርኪዩቶችም አሉ፤ ቀጣዩን ፔዳል ሲመርጡ ይረዳዎታል። ኤምኤን3007 የሚባለው የኮረስና የዲሌይ (ድምፅ በማዘግየት የሚሠሩ ኢፌክቶች) አይሲ ከኤምኤን3207 ጋር በስም ቢመሳሰልም የሚሠራበት ቮልትና የፖላሪቲው አቅጣጫ የተለየ ነው፤ ንድፉን ሳይለውጡ አይተካካም። ጄ201 የሚባለውን ጄፌት ትራንዚስተር በሚጠይቅ ንድፍ ሌላው ጄፌት 2ኤን5457 ሲገባም የሁለቱ የመዝጊያ ቮልት በእጅጉ ስለሚለያይ፣ ድሬን በሚባለው እግሩ ላይ ያለውን ሬዚስተር በትሪመር (በዊን በሚስተካከል ሬዚስተር) ተክቶ ወደ 4.5 ቮልት ካላስተካከሉት አይሠራም። በጀርማኒየም ትራንዚስተር ለሚሠራ ፈዝ (ድምፅን በኃይል የሚያሻክር ፔዳል) ደግሞ መልቲሜትር የሚያሳየው የማጉላት ቁጥር ሊታመን አይችልም፤ ትራንዚስተሩ የሚያፈስሰውን ኤሌክትሪክ ከማጉላቱ ጋር ደምሮ ስለሚያነብ የደከመው ጠንካራ መስሎ ይታያል።

እንግዲህ ንድፉን አይተዉ፣ 4558ንም አይጠብቁ። ኤሚተሮቹን ለክተው የትራንዚስተሮቹን እግሮች ያቆላልፉ፤ አይሲውን በቀጥታ በይደውት ከሆነ ነቅለው ባለ ስምንት እግር ሶኬት ያስገቡለትና ቲኤል072ውን እዚያ ይሰኩት፤ 1ኤን4148ቶቹን በሴት ፒን ላይ ያድርጉ፤ ገንዘብዎን በአዲስ ኤሌክትሮላይቲኮችና በጥሩ ፖታንሺዮሜትሮች ላይ ያውሉት። የኤሚተሮቹ ንባብ ከተስተካከለ በኋላም ድምፁ ደካማ ከሆነ የአይሲውን 1ኛና 7ኛ እግር ይለኩ። ሁለቱም 4.5 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለባቸው። ከዚያ ርቀው ከተገኙ ቮልቱን ለሁለት የሚከፍሉትን ሁለት ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮችና ከእነሱ ጋር ያለውን 47 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይፈትሹ፤ ይህ ካፓሲተር ከአሮጌው ሬዲዮ የመጣ ከሆነ መጀመሪያ የሚቀየረው እሱ ነው።